ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትን በስፖርት ቴፕ ጠቅልሎ መዋኘት ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ከሆጤ፣ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ወር ኳስ ስጫወት ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጥፎ ወለም አለኝ። ራጅ ተነሥቼ አጥንቴ ደህና መሆኑ ተነግሮኛል፤ እብጠቱም አብዛኛው ጎድሏል። ሆኖም ከውጭ በኩል ካለው የአጥንት ጉብታ ሥርና ከፊቱ ያለው ቦታ ሲነካ አሁንም ያመኛል፤ ኮረት በበዛበት መንገድ ላይ ስራመድም እግሬን አላምነውም። ያከመኝ ባለሙያ ሩጫና ኳስ ለጊዜው ከልክሎኝ በምትኩ እንድዋኝ ስለ መከረኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከሆቴሎቹ በአንዱ ገንዳ ለመዋኘት አስቤያለሁ።

ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቴፕ አለኝ፤ አንዱ ከፋርማሲ የገዛሁት ነጭና የማይለጠጥ ፕላስተር ሲሆን፣ ሌላው ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ሰማያዊና የሚለጠጥ ነው። ወደ ውሃ ስገባ የትኛውን ልጠቀም? ከውሃው ጋር ይላቀቃል ወይስ ይቆያል? ሁለቱም የማይሆኑ ከሆነ ላስቲክ ፋሻ ጠቅልዬ ብገባስ? በተጨማሪም እናቴ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ ታሸኛለች፤ ይህ ከቴፑ ጋር የሚጋጭ እንደሆነ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ

ወንድሜ፣ አላህ አፊያህን ይመልስልህ። ሁለቱ ቴፖች የተሠሩበት ዓላማ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ማየት ይሻላል።

ነጩ ፕላስተር ዚንክ ኦክሳይድ ባለበት ሙጫ የተቀባ ጥጥ ነው። ሥራው መገጣጠሚያው ወደ ተጎዳበት አቅጣጫ እንዳይታጠፍ አጥብቆ መያዝ ነው። ቀደም ሲል ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት በሜዳ ላይ ዳግም እንዳይጎዳ በመከላከል ረገድ ይህ ፕላስተርም ሆነ በማሰሪያ የሚጠብቀው የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ጥሩ የጥናት ማስረጃ አላቸው። ነገር ግን ፕላስተሩ በደረቅ ሜዳ ላይ እንኳ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል እንቅስቃሴ ከተደረገ በኋላ የመያዝ ኃይሉ በግልጽ ይቀንሳል። ገንዳ ውስጥ ደግሞ ጥጡ ውሃ ይጠጣል፣ ጠርዙ ይንከባለላል፣ ከሥሩ የታፈነው ቆዳም ረስርሶና ነጥቶ በቀላሉ ይላጣል።

ከመላቀቁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ነጩ ፕላስተር በደንቡ የሚታሰረው እግሩ ከቅልጥም ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ነው። በነፃ ቀዘፋ እግርህን ስትመታ ደግሞ የእግርህ ጣቶች ወደ ኋላ መዘርጋት አለባቸው። እንግዲህ ፕላስተሩ በትክክል ከያዘህ መምታት ይከለክልሃል፤ ካልያዘህ ደግሞ መታሰሩ ትርጉም የለውም። በዚህ ምክንያት ለዋና ነጩን ፈጽሞ አልመክርም። ላስቲክ ፋሻም ያው ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ እግሩን እንደ ገመድ ያንቃል።

ሰማያዊው ኪኔሲዮ ቴፕ የሚባለው ነው። ኬንዞ ካሴ የተባሉ ጃፓናዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠሩት ሲሆን፣ ዓለም በሰፊው ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በአትሌቶች ትከሻና ጉልበት ላይ ሲታይ ነው። የሚለጠጥ ክር የገባበት ቀጭን ጥጥ ስለሆነና ሙጫውም በሙቀት የሚጠነክር አክሪሊክ ስለሆነ ውሃን ይችላል፤ በደንብ ከተለጠፈ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ይሁን እንጂ ይህ ቴፕ መገጣጠሚያን አይዝም። እግርህ ሊታጠፍ ሲል የሚያስቆመው ኃይል የለውም፤ የሚሰጠው ነገር በቆዳህ ላይ የሚሰማ መጠነኛ መሳብ ነው። እውነተኛው አለጣጠፍ ለይስሙላ ከተለጠፈ ቴፕ ጋር በተነጻጸረባቸው ጥናቶች ላይ የታየው ልዩነት ትንሽ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ የሚቆይ የሕመም መቀነስ ነው፤ በብዙዎቹ ጥናቶች ደግሞ ልዩነት አልታየም። እኔ ራሴ ለታካሚዎቼ እለጥፋለሁ፤ እግሩን መርገጥ የፈራ ሰው ቴፑ ሲለጠፍለት ቀና ብሎ ሲራመድ ስለማይ ነው። ጅማቱን ያድናል ብዬ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አለጣጠፉን በተመለከተ፣ ከቅቤው ልጀምር። እናትህ እጃቸው ይባረክ፤ በዚህ ደረጃ ላይ ለስለስ ያለ መታሸት ጉዳት የለውም። ቅባት ባለበት ቆዳ ላይ ግን አንድም ቴፕ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ቴፕ በምትለጥፍበት ዋዜማ ቅቤው ይቅር። ጠዋት ቦታውን በሳሙና እጠብና ፍጹም አድርቅ፤ ጸጉር ከበዛበት በመቀስ አሳጥረው። በምላጭ ከላጨኸው ግን አንድ ቀን አሳልፍ፣ አለበለዚያ ያቃጥልሃል። የቴፑን አራቱንም ማዕዘን በመቀስ ክብ አድርገህ ቁረጥ፤ ሹል የሆነ ማዕዘን በመጀመሪያው የውሃ ግፊት ይገለበጣል። አንዱን ቁራጭ ከውስጥ ጉብታው በላይ ጀምረህ በተረከዝህ ሥር አሳልፍና ከውጭ ጉብታው በላይ ጨርስ፤ መካከሉን በመጠኑ ሳብ አድርገው፣ ሁለቱን ጫፎች ግን አራት ጣት ያህል ሳትስብ አስተኛቸው። የሚያሳክክና የሚላጥ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ተስቦ የተለጠፈ ነው። ከዚያ በመዳፍህ ደጋግመህ እሸው፤ ሙጫው የሚይዘው በዚህ ሙቀት ነው፤ የደሴ ጠዋት ደግሞ ብርዱን ታውቀዋለህና አትቸኩል።

ከመዋኘትህ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ቤትህ ለጥፈህ መናኸሪያ ሄደህ መኪና እስኪሞላ ጠብቀህ 25 ኪሎ ሜትሩን ቁልቁል እስክትወርድ ድረስ ሰዓቱ ይሞላል፤ ገንዳው ዳር ላይ ከለጠፍከው ግን ከእግርህ ተላቅቆ ተንሳፍፎ ታገኘዋለህ። ከውሃ ስትወጣ በፎጣ ጫን ጫን እያደረግህ አድርቀው እንጂ አትፈትገው።

ቁስል ወይም ሽፍታ ባለበት ቆዳ ላይ፣ እንዲሁም ስኳር ኖሮበት የእግሩ ስሜት በቀነሰ ሰው ላይ ቴፕ አይለጠፍም። ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ቆዳህም ካቃጠለህና ውሃ ከቋጠረ ወዲያውኑ ይነሣ። ሲነሣም በዘይት አርሰህ፣ ቆዳውን በአንድ እጅህ ወደ ኋላ እየገፋህ፣ በጸጉሩ አቅጣጫ ቀስ ብለህ ነው። አንድ ጊዜ ሸርተት አድርጎ መሳብ ለጀግንነት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለቆዳ ግን አይሆንም።

መልስ፦ የዋና አሠልጣኝ፣ ኮምቦልቻ

ባለሙያው የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከገንዳው ዳር የማየውን ልጨምር። ወለም ያለው እግር ብዙ ጊዜ ዳግም የሚጎዳው በዋናው ላይ አይደለም፤ ከልብስ መቀየሪያው እስከ ውሃው ባለው እርጥብ ንጣፍ ላይ፣ ወይም ተዋኝቶ ሲወጣ ነው። ውሃ ክብደትን ስለሚቀንስ፣ እስከ ወገብ የገባ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ እስከ አንገት የገባ ደግሞ አንድ አሥረኛ ያህል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ቀልሎት የቆየ ሰው ከውሃ ሲወጣ ክብደቱ ድንገት ይመለስበታል፣ እግሩም ደክሟል፣ ንጣፉም ያንሸራትታል። ስለዚህ በማሰሪያ የሚጠብቅ ድጋፍ ካለህ ከነጫማህ አድርገኸው እስከ ገንዳው አፍ ድረስ ና፤ እዚያ ቁጭ ብለህ አውልቀው። ስትወጣም ቁጭ ብለህ እግርህን አድርቀህ መልሰህ አጥልቀው። ወደ ውሃው በመሰላሉ ግባ እንጂ አትዝለል።

ውሃ ውስጥ ከገባህ በኋላ ቴፑ ያለውም የሌለውም ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት አንድ ነው፤ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተረከዝህን አስቀድመህ እየረገጥህ ወዲያና ወዲህ መራመድ። ይህ ካላመመህ በጭኖችህ መካከል ተንሳፋፊ ስፖንጅ ይዘህ በእጆችህ ብቻ ዋኝ። እግር መምታቱን መጨረሻ ላይ ጀምር፤ እሱንም በትንሽ በትንሹ፣ ከዳሌህ እያንቀሳቀስህ። በገንዳው ጫፍ ስትዞር ግድግዳውን በሁለት እግርህ ገፍተህ የመነሣት ልማድ ካለህ ለጊዜው ተወው፤ እጅህን አስደግፈህ ዙርና በግራ እግርህ ብቻ በቀስታ ተነሣ።

የደረት ቀዘፋን ግን ሙሉ በሙሉ እርሳው። በዚያ ስልት እግር ወደ ውጭ ተጠምዝዞ ውሃውን ስለሚገፋ ቁርጭምጭሚትንም የጉልበትን የውስጥ ጅማትም ያስጨንቃል፤ የደረት ቀዘፋ ዋናተኞች የሚያማርሩት የጉልበት ሕመም ከዚሁ የሚመጣ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ወንዝ ላይ ተምሮ የሚያውቀው ዋና ይህንኑ የሚመስል ስለሆነ፣ «ቀስ ብዬ ነው የምዋኘው» እያለ ጅማቱን ሲያስጨንቀው ይውላል።

መልስ፦ የቦርከና ልጅ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ባለሙያው ራሳቸው «አይዝም፣ አያድንም» ካሉ በኋላ ያን ሁሉ የአለጣጠፍ ትምህርት መስጠታቸው አልገባኝም። ያ ቴፕ ጌጥ ነው። በዋጋው ለስንት ቅዳሜ የገንዳ መግቢያ ይከፈልበት ነበር። ወንድማችን ገንዘቡን ይቆጥብና፣ ጥርሱን ሲፋቅ በታመመው እግሩ ብቻ መቆም ይለማመድ፤ እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው። ደግሞስ እርጥብ ንጣፍ ከፈራ ለምን ወደ ሐይቅ ከተማ ሄዶ ሐይቁ ውስጥ አይዋኝም? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሴራሚክም የለበት፣ ክሎሪንም የለበት።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ

የቦርከና ልጅ፣ በአንድ እግር ስለ መቆም ያሉት እውነት ነው፤ እንዲያውም እኔ ሳልጠቅሰው ስላለፍኩት አመሰግናለሁ። ወለም ካለ በኋላ የሚጎዳው ጅማቱ ብቻ አይደለም፤ እግር የቱ ጋ እንዳለ ለአእምሮ የሚነግረው ስሜትም አብሮ ይደክማል። ጠያቂያችን «እግሬን አላምነውም» ያለው ይህንኑ ነው። የሚዛን ልምምድ ዳግም ወለምታን እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ሲሆን፣ ውሃ ደግሞ መቆሙን ለመጀመር ምቹ ቦታ ነው። ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ በታመመው እግር ብቻ መቆም፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ ከዚያ ወደ ወገብ ጥልቀት ወጥቶ መድገም፣ በመጨረሻም በደረቅ መሬት። ቴፑ ጌጥ ነው በሚለው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ጠያቂው ቴፑን አስቀድሞ በእጁ ይዞታል፣ ስለዚህ ካልቀረ በትክክል ይለጥፈው ብዬ ነው። የሌለው ሰው ግን ለዋና ብሎ እንዲገዛ አልመክርም።

ሐይቅን በተመለከተ ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የሐይቁ ዳርቻ ድንጋይና ጭቃ የተቀላቀለበት ስለሆነና ታቹ ስለማይታይ፣ ላልዳነ ቁርጭምጭሚት ከሴራሚኩ የባሰ ነው። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ መገኘቱም በጥናት ታትሟል። ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ሲሆን፣ ሁለት ቁራጭ ቴፕ አይከለክለውም፤ በቴፕ የተላጠ ቆዳ ይዞ መግባት ደግሞ ለሌላ ኢንፌክሽንም በር መክፈት ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት፣ ኮምቦልቻ

በሰው ጥያቄ ላይ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጉዳዩ ተቀራራቢ ስለሆነ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤቶች ውድድር በነፃ ቀዘፋ እየተዘጋጀች ነው። ቀኝ ትከሻዋን ከፊት በኩል ያማታል፤ በተለይ እጇ ውሃውን ሲነካና መሳብ ስትጀምር። ጓደኞቿ ባለ ቀለሙን ቴፕ ለጥፈው በቪዲዮ አይታ «እኔም ይለጠፍልኝና ልወዳደር» ትለኛለች። ይፈቀዳልን? ይጠቅማታልስ?

መልስ፦ የዋና አሠልጣኝ፣ ኮምቦልቻ

እኅቴ፣ ስለ ውድድሩ እኔ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ስሙን ወርልድ አኳቲክስ ብሎ የቀየረው የዓለም የዋና ፌዴሬሽን፣ የቀድሞው ፊና፣ ፍጥነትን፣ መንሳፈፍን ወይም ብርታትን ሊያግዝ የሚችል ነገር በዋናተኛ ላይ እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ አለው፤ ያለ ሕክምና ክፍሉ ፈቃድ በሰውነት ላይ የሚለጠፍ ቴፕም በዚሁ ይከለከላል። በትምህርት ቤት ውድድር ዳኛው ደንቡን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያስከብር ከቦታ ቦታ ይለያያልና፣ ሐሳቡ ካላችሁ የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ከውድድሩ ቀን በፊት አዘጋጆቹን በግልጽ ጠይቁ። ልጅቱ መነሻው ላይ ከቆመች በኋላ «ቴፑን አውልቂ» ብትባል፣ እዚያው በጥድፊያ ስትልጠው ከቆዳዋም ከሞራሏም ይሄዳል።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ

የሚገልጹት ሕመም በዋናተኞች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ «የዋናተኛ ትከሻ» የሚል ስም ከተሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ነው። ትከሻ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በላይ የሚንቀሳቀስ ነው፤ በቦታው የሚያቆየውም ከአጥንቱ ቅርጽ ይልቅ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲደክሙ የክንዱ አጥንት ራስ ወደ ላይና ወደ ፊት እየተንሸራተተ፣ እጅ ከፍ ባለ ቁጥር ጅማቶቹን ይፈትጋል። ቴፕ ይህን ድካም አያነሣም። ሕመሙን በመጠኑ ቢያስታግስላት እንኳ በዕድሜዋ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ሕመሟ ሲደበዝዝ ልምምዱን ትጨምራለች፣ ጉዳቱም አብሮ ይጨምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አሠልጣኟ እጇ ውሃው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ይይላት። እጇ የራሷን መካከለኛ መስመር አቋርጦ ወደ ግራ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም አውራ ጣቷ ቀድሞ የሚገባ ከሆነ፣ እሱን ማረም ከየትኛውም ቴፕ ይበልጣል። በሁለቱም በኩል እየዞረች መተንፈስ ትልመድ፤ በእጅ ላይ የሚጠለቀውን ሰፊ መቅዘፊያ ለጊዜው ትተወው፤ የምትዋኘውም ርቀት ሕመሙ እስኪበርድ ድረስ ይቀነስላት። ከውሃ ውጭ ደግሞ በሚለጠጥ ላስቲክ ክርኗን ከጎኗ ሳታርቅ ክንዷን ወደ ውጭ መክፈትና ትከሻዎቿን ወደ ኋላ መሰብሰብ ትለማመድ። ሌሊት ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ እጇ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ ወይም ትከሻዋ «ሊወልቅ ነው» የሚል ስሜት ካላት ግን ልምምዱ ሁሉ ይቁምና ለምርመራ ይውሰዷት።

ጠያቂው፦ ከሆጤ፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነጩን ፕላስተር ኳስ ስመለስበት ለሜዳ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰማያዊውን ደግሞ በተባለው መንገድ አርብ ማታ ቅቤውን አስቀርቼ ቅዳሜ ጠዋት እለጥፈዋለሁ። ተንሳፋፊውን ስፖንጅ ገንዳው እንደሚያከራይ በስልክ አረጋግጫለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከዋናው በኋላ ቴፑ እንደ ተለጠፈ ይቆይ ወይስ ማታውኑ ላንሣው? ለቀጣዩ ቅዳሜስ ያንኑ መልሶ መለጠፍ ይቻላል?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ

እስከ ማክሰኞ ድረስ ይቆይ፤ ሻወርም መውሰድ ትችላለህ። በእሳት ዳር ወይም በጸጉር ማድረቂያ ግን አታድርቀው፤ ሙጫው ይብስ ተጣብቆ ሲነሣ ቆዳህን ይዞ ይመጣል። ካሳከከህ ማክሰኞን አትጠብቅ። ያንኑ መልሶ መለጠፍ አይቻልም፤ ለቀጣዩ ቅዳሜ አዲስ ትቆርጣለህ፣ በመካከሉ ያሉትን ቀኖች ቆዳህ ያርፋል፣ እናትህም በቅቤያቸው ያሹሃል።